የእግር ላይ ስፓይደር ቬይን፦ መርፌ፣ ሌዘር፣ ስቶኪንግ ወይስ መተው? ሐዋሳ ላለ ሰው የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

ጭን ላይ፣ ከጉልበት ጀርባ ወይም ቁርጭምጭሚት አጠገብ ተበታትነው የሚታዩት፣ ክር የመሰሉ ቀያይና ሰማያዊ የደም ሥሮች ስፓይደር ቬይን ይባላሉ። ውፍረታቸው ከ1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆኑትና ከቆዳ ሥር አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ መስመር መስለው የሚታዩት ሬቲኩላር ናቸው። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ሆነው ቆዳውን ገፋ አድርገው እየተጠማዘዙ የሚሄዱት ደግሞ ቫሪኮስ ናቸው። ሐኪሙ መድኃኒቱንም ሆነ መሣሪያውን የሚመርጠው በዚህ ልክ ስለሆነ፣ የራስዎ የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ዋጋ መጠየቅ አይጀምሩ።

ሌላው ከመነሻው መታወቅ ያለበት የቆዳ ቀለም ነው። በኢንተርኔት ላይ ስለዚህ ሕክምና የሚታዩት ፎቶዎች አብዛኞቹ የነጭ ቆዳ ናቸው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ሥሩን ማጥፋት ያን ያህል አይከብድም፤ የሚከብደው ሥሩ ከጠፋ በኋላ ከእሱ የባሰ ጥቁር ምልክት እንዳይቀር ማድረግ ነው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በሙሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ምንጩን ማወቅ

ማታ፣ ቀኑን ሙሉ ከቆሙ በኋላ፣ በጥሩ ብርሃን እግርዎን ይመልከቱ። ያሉት ክሮች ብቻ ከሆኑ፣ እግርዎ የማያብጥ፣ የማይከብድና ሌሊት የማይሸማቀቅ ከሆነ ጉዳዩ የመልክ ነው፤ ሳይቸኩሉ ይምረጡ። ክሮቹ በቁርጭምጭሚት የውስጥ በኩል እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ከታዩ፣ ከባት በታች ያለው ቆዳ ከጠቆረ ወይም ከደደረ፣ ወይም ማታ ማታ የካልሲው ጠርዝ ምልክት ጠልቆ የሚቀር ከሆነ ግን ከማንኛውም ሕክምና በፊት በቆመ ሰው ላይ የሚደረግ ዶፕለር አልትራሳውንድ (የደሙን ፍሰት የሚያሳይ ምርመራ) ያስፈልጋል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ደምን ከእግር ወደ ልብ የሚመልሱት ሥሮች ውስጥ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ ቫልቮች አሉ። ትልቁ ሥር ላይ ያለው ቫልቭ አልገጥም ካለ ደሙ ወደ ታች ይመለስና ግፊቱ ላይ ላዩን ያሉትን ቀጫጭኖች ይወጥራቸዋል። ይህ ሳይታይ ክሮቹን ብቻ ማከም ቧንቧው እየፈሰሰ ወለል እንደመጥረግ ነው፤ በወራት ውስጥ ይመለሳሉ። ትልቁ ሥር መበላሸቱ ከተረጋገጠ ሥሩን ከውስጥ በሙቀት መዝጋት ወይም ቀዶ ሕክምና የሚመጣው ያኔ ነው። ለክር ብቻ ቀዶ ሕክምና የሚያዝ ካጋጠመዎ የዶፕለሩን ውጤት እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።

ሁለት ነገሮች ከዚህ መመሪያ ውጭ ናቸው። አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ባት ላይ ከታመመና ከሞቀ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ፤ ጥልቁ ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ከእግር ጣትና መርገጫ ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚወጣና ቆዳውን የሚያሻክር እብጠት ደግሞ በአካባቢያችን ደጋማ ቀበሌዎች የሚታየው ዝሆኔ ሊሆን ስለሚችል ምርመራውም ሕክምናውም ሌላ ነው።

ስፓይደር ቬይን በዋናነት በዘር ይወረሳል፤ እርግዝናና ሆርሞን ያባብሱታል፤ ለረጅም ሰዓት መቆምም የራሱ ድርሻ አለው። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሙሉ ፈረቃ ቆመው የሚሠሩ ሴቶች፣ የሆቴል አስተናጋጆች፣ መምህራንና ፀጉር ሠሪዎች ከታከሙም በኋላ አዳዲስ ሥሮች ሊወጡባቸው እንደሚችሉ አውቀው ይግቡ። የትኛውም ሕክምና የሚዘጋው ያለውን ነው፤ ወደፊት የሚመጣውን አያስቀርም።

መርፌው፦ ስክሌሮቴራፒ

ለእግር ሥሮች የመጀመሪያ ምርጫችን ይህ ነው፤ ለጠይም ቆዳ ደግሞ ይበልጥ። መድኃኒቱ ሥሩ ውስጥ ገብቶ የውስጥ ሽፋኑን ያቆስለዋል፤ ግድግዳው ይጣበቃል፤ ሰውነት ቀስ በቀስ ይመጠዋል። ብርሃን ስለማይጠቀም የቆዳውን ቀለም አያቃጥልም።

በብዛት የሚሠራባቸው መድኃኒቶች ሦስት ናቸው። ፖሊዶካኖል መጀመሪያ የተሠራው ለማደንዘዣነት ስለነበር ሲወጋ ብዙም አያቃጥልም። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለዚህ አገልግሎት የፈቀደው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ለክሮቹ 0.5 በመቶ፣ ለሬቲኩላር 1 በመቶ ይበቃል። ሶዲየም ቴትራዴሲል ሰልፌት ጠንከር ያለ ነው፤ ለክሮች ከ0.1 እስከ 0.25 በመቶ ተበርዞ ይሰጣል፤ አለርጂ የማምጣት ዕድሉ ከፖሊዶካኖል ይበልጣል። ሦስተኛው 23.4 በመቶ የሆነ የጨው ውሃ ነው። አለርጂ የለውም፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ነገር ግን ያቃጥላል፣ ጡንቻ ያሸማቅቃል፣ ከሥሩ ውጭ ከፈሰሰ ቆዳውን ገድሎ ቁስል ይተዋል። ምርጫ ካለ ፖሊዶካኖልን ይያዙ።

አሠራሩን ማወቅ ጥሩውን እጅ ከመጥፎው ለመለየት ይረዳል። ታካሚዋ ትተኛለች፤ ቆዳው በአልኮል ይጠረጋል። መርፌው 30 ወይም 32 ጌጅ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል። ባለሙያው በአንድ እጁ ቆዳውን ወጥሮ መርፌውን ከቆዳው ጋር እኩል ሊሆን ምንም ሳይቀረው ያስገባና በጣም በዝግታ ይገፋል። መድኃኒቱ ደሙን ሲገፋው ቀዩ ክር ከመርፌው ጫፍ ጀምሮ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ይነጣል። በአንድ ቦታ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ሊትር ይበቃል። መርፌው ጫፍ ላይ ነጭ እብጠት ብቅ ካለ መድኃኒቱ ከሥሩ ወጥቷል ማለት ነው፤ ወዲያው መቆም አለበት። ያንን እያየ መግፋቱን የሚቀጥል ሰው ጋ ሁለተኛ ዙር አይሂዱ።

ቅደም ተከተሉ ከትልቁ ወደ ትንሹ ነው። በጭን የውጭ በኩል፣ ከጉልበት በላይና በታች፣ ክሮቹን የምትመግብ አረንጓዴ ሥር ብዙ ጊዜ ትገኛለች። እሷ ቀድማ ካልተዘጋች ክሮቹ ተመልሰው ይሞላሉ። ትልልቆቹን መድኃኒቱን ከአየር ጋር አንድ ለአራት በማዋሐድ በአረፋ መልክ መዝጋትም ይቻላል፤ አረፋው ግን ለጥቂት ደቂቃ ዓይን ሊያጭበረብርና ማይግሬን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ልቧ ላይ ቀዳዳ እንዳለ ለተነገራት ሰው አይሰጥም። ለክሮች ፈሳሹ ይበቃል።

መጠኑን ራስዎ ማስላት ይችላሉ። 0.5 በመቶ ማለት በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 5 ሚሊ ግራም ነው። የፖሊዶካኖል የቀን ገደብ በኪሎ 2 ሚሊ ግራም ስለሆነ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው 120 ሚሊ ግራም ይመጣል። ለክር ሕክምና በአንድ ቀጠሮ ከ10 ሚሊ ሊትር አይታለፍም፤ ይህም 50 ሚሊ ግራም ነው። «ሁለቱንም እግር በአንድ ቀን ጨርሰን እንልክዎታለን» ከተባሉ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚወጉ ይጠይቁ።

አንድ ዙር ከተወጉት ሥሮች ከ50 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑትን ያጠፋል። ስለዚህ ከ2 እስከ 4 ዙር፣ በየ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ይጠብቁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እግሩ ስለሚበልዝ ከበፊቱ ብሶ ይታያል። ክሮቹ መደብዘዝ የሚጀምሩት ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ሬቲኩላሮቹ እስከ 4 ወር ሊወስዱ ይችላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። ሥሩ ሲዘጋ ውስጡ የቀረ ደም ይፈርስና ቀይ የደም ሴሉ የያዘው ብረት ወደ ቆዳ ይሰርጋል። መስመሩን ተከትሎ ቡናማ ጥላ የሚቀረው በዚህ ነው። በጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ቁስለቱ ራሱ ሜላኒን የሚባለውን የቆዳ ቀለም ስለሚጨምር ሁለቱ ይደራረባሉ። አብዛኛው ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ይለቃል፤ ጥቂቱ ከዓመት በላይ ይቆያል። ማቅለያ ክሬም መቀባት ለብረቱ ምንም አይረዳም፤ ክሬሙ የሚሠራው ሜላኒን ላይ ብቻ ነው። የሚረዳው ቀድሞ መጠንቀቅ ነው፦ የመድኃኒቱን ጥንካሬ ከሚያስፈልገው በላይ አለማድረግ፣ በኃይል አለመግፋት፣ ስቶኪንጉን (እግርን ጠበቅ አድርጎ የሚይዘውን የሕክምና ካልሲ) በትክክል ማድረግ። ለቀጭን ክር 1 በመቶ መስጠት ውጤቱን አያፋጥንም፤ ግድግዳውን በጣጥሶ ደሙን ያፈሳል እንጂ።

ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ሲነካ የሚያም ጥቁር ገመድ ወይም ቋጠሮ ከተሰማዎት የታሰረ ደም ነው። ባለሙያው በቀጭን መርፌ ጫፍ ወጋ አድርጎ ያፈሰዋል፤ ሕመሙ ወዲያው ይቀላል፣ ጥቁረቱም ይቀንሳል። ለዚህ ቀጠሮ ተመልሰው መሄድ አይስነፉ። ሌላው የሚያበሳጭ ነገር በተወጋው ቦታ ዙሪያ ጥቅጥቅ ያለ ቀይ መረብ አዲስ መብቀሉ ነው። ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ራሱ ይጠፋል፤ ደጋግሞ መውጋት ያባብሰዋል።

እርጉዝ፣ የምታጠባ እናት፣ ከዚህ በፊት ደም የረጋበት ሰው፣ ለመድኃኒቱ አለርጂ ያለበት፣ መራመድ የማይችል ሰው መርፌውን አይወስድም ወይም ያዘገየዋል። በእርግዝና የወጡ ክሮች ከወሊድ በኋላ በወራት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ስለሚቀንሱ ጡት ማጥባቱ እስኪያበቃ መጠበቅ ገንዘብም ሕመምም ይቆጥባል። የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚወስዱ ከሆነ ዓይነቱን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል ደም የማርጋት ዕድልን ይጨምራል።

ሌዘር

«ሌዘር አለን» የሚል ማስታወቂያ ብቻውን ምንም አይናገርም። መጠየቅ ያለበት የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ነው። ለእኛ ቆዳ የሚሆነው ኤንዲያግ የሚባለው፣ 1064 ናኖ ሜትር የሆነና ብርሃኑን ረዘም አድርጎ የሚለቅ መሣሪያ ነው። ይህ ብርሃን ሜላኒን ብዙም ስለማይውጠው ወደ ሥሩ ጠልቆ ይደርሳል። 532 ናኖ ሜትር አረንጓዴ ሌዘር፣ ከ585 እስከ 595 ያለውና በተለይ ደግሞ አይፒኤል የሚባለው ብልጭታ ግን የቆዳውን ቀለም ራሱን ያሞቃሉ። ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ፣ ከዚያም ጥቁር ወይም ነጭ ምልክት ይተዋሉ። የውበት ሳሎኖች ፀጉር ለማጥፋት የሚያስገቡት ብዙውን ጊዜ አይፒኤል ነው። በእሱ እግርዎን አያስነኩ።

ትክክለኛው መሣሪያ ቢሆንም ሌዘር ከመርፌው ይበልጥ ያማል፤ ዙሮቹም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይራራቃሉ፤ መጋቢዋን አረንጓዴ ሥር ለመዝጋት ደግሞ ደካማ ነው። ጥሩ የሚሆነው መርፌ ሊገባባቸው ለማይችሉ በጣም ቀጫጭን ቀይ ክሮች፣ ከመርፌ በኋላ ለሚቀር ቀይ መረብ፣ ለመድኃኒቱ አለርጂ ላለበት እና መርፌ ሲያይ ለሚዝለፈለፍ ሰው ነው።

ከመጀመሩ በፊት ትንሽ ቦታ ላይ ሙከራ ይደረግና ቢያንስ 4 ሳምንት ይጠበቃል፤ የጠይም ቆዳ ጥቁረት ቶሎ አይወጣምና። ቆዳው በብርሃኑ ፊትም ኋላም መቀዝቀዝ አለበት። በአንድ ነጥብ ላይ ደጋግሞ መተኮስ ቃጠሎ ያመጣል። ሥሩ ሲጠፋ ወይም ሲጠቁር ጥሩ ነው፤ ቆዳው ግራጫ ወይም ነጭ ከሆነ ግን ተቃጥሏል፣ መቆም አለበት። የዓይን መከላከያ መነጽር ለታካሚውም ለባለሙያውም ግድ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። ለሠርግ ተብሎ እግር ላይ የተቀባ ሂና ወይም እንሶስላ፣ እንዲሁም ንቅሳት፣ የሌዘሩን ብርሃን ይውጣል። ሂናው ወይም እንሶስላው ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ ይጠብቁ፤ ንቅሳት ላይ ጭራሽ አያስተኩሱ።

በመርፌ ጫፍ ሙቀት ክሮቹን የሚተኩስ ቴርሞኮአጉሌሽን የሚባል መሣሪያም አለ። በየነጥቡ ቆዳውን ስለሚያቃጥል ለጠይም እግር አንመክረውም።

ፊት ላይ ከሆነ

ጉንጭና አፍንጫ ዳር ላይ ለወጡ ክሮች መርፌ አይሰጥም፤ የፊት ሥሮች ከዓይን ሥሮች ጋር ስለሚገናኙ አደጋው ትልቅ ነው። ግን ከሌዘሩም በፊት የሚቀቡትን ይመልከቱ። ፊት ያቀላሉ ተብለው በየሱቁ የሚሸጡ ክሬሞች ውስጥ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የተባሉ ስቴሮይዶች ይገኛሉ። እነዚህ ለወራት ሲቀቡ ቆዳው ይሳሳል፣ ሥሮቹም ይሰፋሉ። ክሬሙ እየተቀባ የሚደረግ ሌዘር ገንዘብ ማባከን ነው። ሲያቆሙት ለሳምንታት ፊት ሊቀላና ሊያቃጥል ስለሚችል አወጣጡን የቆዳ ሐኪም ይምራዎ።

ስቶኪንግ፣ መሸፈን፣ መተው

የሕክምና ስቶኪንግ ክር አያጠፋም፤ የእግር ክብደትንና እብጠትን ያቀልላል። ለቋሚ ሥራ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ግፊት፣ ከመርፌ በኋላ ከ20 እስከ 30 ይወሰዳል። ልኩ በጠዋት፣ እግር ሳያብጥ፣ ይለካል፦ የቁርጭምጭሚት ቀጭኑ ዙሪያ፣ የባት ወፍራሙ ዙሪያ፣ ከተረከዝ እስከ ጉልበት እጥፋት ያለው ርዝመት። እስከ ተረከዙ ገልብጠው ከአልጋ ሳይወርዱ ያጥልቁት፤ የጎማ ጓንት ቢያደርጉ መሳቡ ይቀላል። ጫፉን ወደ ታች አይጠቅልሉ፤ ተጠቅልሎ እግሩን እንደ ገመድ ያስራል። በለብታ ውሃ በእጅ ይታጠባል፣ አይጨመቅም፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ በየቀኑ ከተደረገ ከ6 ወር በኋላ ይላላል። ስኳር ኖሮባቸው እግራቸው የሚደነዝዝ፣ ወይም የእግር ደም ወሳጅ ሥራቸው የጠበበ ሰዎች ያለሐኪም አያድርጉት።

ሥር ያጠፋሉ የሚባሉ ቅባቶች ክሩን አይዘጉትም። ዋገምትም አይዘጋውም፤ ቆዳውን በልዞ ጠባሳ ይጨምራል። የትንኝ ንክሻ ወይም ብጉር ወራት የሚቆይ ጥቁር ነጥብ የሚተውበት ቆዳ፣ ወይም ኬሎይድ (ከቁስሉ አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ) የሚያወጣ ቆዳ ካለዎት ደግሞ መተው ሙሉ ምርጫ ነው። የማያሙ ክሮች ወደ በሽታ አይለወጡም። ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ከሆነ ከቆዳዎ ጋር የሚሄድ ውሃ የማያስለቅቀው ሜካፕ ይበቃል። ቁርጥ ያለ ሐሳብ ካልያዙ ከጭን ጀርባ መዳፍ የሚያህል ቦታ ብቻ አስወግተው 8 ሳምንት ይጠብቁና የራስዎ ቆዳ የሚሰጠውን መልስ ይዩ።

መቼ፣ የትና እንዴት

ጥር ላይ ሠርግ ካለ መርፌውን ታኅሣሥ ላይ መጀመር ትልቅ ስህተት ነው፤ እግሩ በልዞ ይደርሳል። ሐምሌ ላይ ቢጀመር ፀሐዩ ደከም ስለሚል፣ ስቶኪንጉም ስለማይሞቅ ይመቻል፤ የመጨረሻው ዙር ከጥቅምት ባያልፍ ጥሩ ነው።

ለመጀመሪያ ምርመራ ሐዋሳ ላይ ብዙ ሰው ሪፈራል የሚለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መነሻ ይሆናል፤ አዲስ አበባ ላይ በቆዳ ሕክምና የቆየው አለርት ሆስፒታል አለ። የትም ይሁን ከመተኛትዎ በፊት ይጠይቁ፦ የመድኃኒቱ ስምና መቶኛ፣ ብልቃጡ ፊት ለፊትዎ መከፈቱ፣ መርፌው አዲስ መሆኑ፣ ለአለርጂ አድሬናሊን ክፍሉ ውስጥ መኖሩ፣ የሚከፈለው ለአንድ ዙር ነው ወይስ ለሁሉም። በመጀመሪያው ቀን በአንድ ብርሃንና ከአንድ ርቀት ፎቶ ያንሡ፤ አለበለዚያ ለውጡን ማንም አያስታውሰውም።

መርፌው እንዳለቀ ስቶኪንጉ ይጠለቅና 30 ደቂቃ ያህል ይራመዳሉ፤ ጥልቁ ሥር ውስጥ ደም እንዳይረጋ የባት ጡንቻ መሥራት አለበት። ሐዋሳ ውስጥ የታከመ ሰው በሐይቁ ዳር ያለው ሜዳማ መንገድ ይበቃዋል። ስቶኪንጉ መጀመሪያ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ሌሊትም አይወልቅም፤ ከዚያ ቀን ቀን ብቻ ከ1 እስከ 3 ሳምንት። ሙቀት ሥር ስለሚያሰፋ የወንዶ ገነት ፍል ውሃ፣ ሳውናና ስቲም ለሁለት ሳምንት ይቅሩ። ሩጫና ክብደት ማንሣት ለሳምንት ያህል ይቆዩ፤ ብስክሌት ከጥቂት ቀን በኋላ ችግር የለውም። የታከመውን ቦታ ፀሐይ አያግኘው፤ ረጅም ቀሚስ ከሰንስክሪን የተሻለ ይከላከላል።

አዲስ አበባ ከታከሙ በዚያው ቀን 275 ኪሎ ሜትር ተቀምጠው አይመለሱ። አንድ ሌሊት አድረው፣ በማግስቱ በአውቶቡሱ የውስጥ መተላለፊያ በኩል ያለ ወንበር ይዘው፣ ሞጆ፣ ባቱና ሻሸመኔ ላይ ወርደው ጥቂት ደቂቃ ይራመዱ፤ በመካከሉ ተረከዝና ጣትን እያፈራረቁ ማንሣት ባቱን ያሠራዋል። ውሃ ይጠጡ።

ቀላል ማሳከክና መበለዝ የተለመደ ነው። ባት ላይ እየጨመረ የሚሄድ ሕመምና እብጠት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ወይም በተወጋው ቦታ ላይ ወደ ጥቁር የሚለወጥ ነጭ ቆዳ ግን ቀጠሮ አይጠበቅለትም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምልክቶች ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ያስኬዳሉ፤ ሦስተኛው ቁስል ከመሆኑ በፊት በዚያው ቀን ለወጋው ሐኪም መታየት አለበት።